ከአማቴ ጋር ቮልስ ውስጥ

ሰው አማቱ ፊት የሚዋረድባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ሰክሮ መገኘት አለ፣ ሥራ ፈትቶ መገኘት አለ፣ በበዓል ማለዳ ሊያርዳት የያዛት ዶሮ አምልጣው ጎረቤት ጣሪያ ላይ መውጣቷም አለ። እኔ ግን እንዲህ ባለው ተራ መንገድ የምሄድ ሰው አይደለሁም። አማቴን ከነክብራቸው፣ ከነነጭ ጋቢያቸው፣ ወለሉ የተቀደደ አሮጌ ቮልስ ውስጥ ከትቼ በንብ መንጋ አስከበብኳቸው። ትዳሬም የዳነው በዚሁ ነው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ መናገር ጊዜ አይወስድም። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። ፍኖተ ሰላም የመጣሁት በውሃ ባለሙያነት ተቀጥሬ ነው። ባለሙያ ማለት መጀመሪያ ላይ የገጠር ጉድጓዶችን እየዞረ የሚያይ ሰው ማለት ነበር። መንገዱ አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ መሆን ሲጀምር ግን ባለሙያ ማለት ቢሮ ገብቶ የሚፈርም፣ የመንገድ ወሬ የሚሰማ፣ ከዚያም ሥራ እንደዋለ ሰው ደክሞት ወደ ቤቱ የሚመለስ ማለት ሆነ።

ባለቤቴ የሻረግ ነርስ ናት። በዚያ ሰሞን ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነበረች። ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ እሷ ትወጣለች፣ ሰው ሲወጣ እሷ ትገባለች። እኔና እሷ የምንገናኘው እንደ ዘበኛ ፈረቃ በር ላይ ነበር።

ቮልሷን ያገኘኋት ቡሬ ነው። የአንድ ጡረተኛ ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉባት ነበር። ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ያልፋል። እኔ ቆምኩ። ገዛኋት። እዚያው ቡሬ ያለ መካኒክ ሞተሯን ነፍስ ዘራበትና፣ «እንግዲህ የቀረው ገላዋ ብቻ ነው» አለኝ። እንደ ቀልድ የተናገራት «ብቻ» ዓመት አስለቀሰችኝ። ከዚያ ቮልሷ አይሱዙ ላይ ተጭና፣ እንደ ታመመ ባላባት ተደግፋ፣ ፍኖተ ሰላም ገባች።

«ጋራዥ ወስደህ አሠራት» ያለኝ ሰው አልጠፋም። ግን ለምን? እኔ እኮ ኢንተርኔት በነበረበት ደግ ዘመን ስለ ቦዲ ሥራ አንድ ቪዲዮ አውርጄ ነበር። ተጨርሶ ሳይወርድ ነው ኔትወርኩ የጠፋው። ፈረንጁ «ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሁልጊዜ ማረጋገጥ ያለባችሁ ነገር…» ይልና አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ማረጋገጥ ያለብኝ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ጀመርኩ።

ጎማውን ከላይ የሚሸፍኑትን ፓራፋንጎዎች ፈታሁ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፋቅኩ። ዝገት የበላውን በላሜራ መቀስ ቆርጬ አውጥቼ አዲስ ላሜራ አስበየድኩ። የጎበጠውን በመዶሻ ቀጠቀጥኩ፣ የጎደጎደውን በእስቱኮ ሞላሁ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ ማሸት፣ ማሸት። ለራሴ ፍትሐዊ ልሁንና የግራው በር አምሮልኝ ነበር። መዳፌን ሳሳልፍበት እንደ እንቁላል ለስላሳ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውዬ የማላገኘውን ነገር ያ በር ይሰጠኝ ነበር።

ችግሩ እኔ የምቀጠቅጠው ቀን ነው፣ የሻረግ የምትተኛውም ቀን ነው። በአልጋዋና በቮልሷ መካከል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። መጀመሪያ በፍቅር ለመነችኝ። ቀጥሎ ያለ ፍቅር ለመነችኝ። በመጨረሻ መለመን ተወች። እኔም ተስማማች ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም ደስ ብሎኝ፣ አቧራ እንዳይነካቸው ብዬ፣ እስቱኮ የተቀቡትን ሁለት በሮች መኝታ ቤት አስገብቼ አልጋዋ አጠገብ አደረቅኋቸው። እንዲህ ያለ ድምዳሜ ላይ ደርሳችሁ የምታውቁ ወንድሞች ካላችሁ፣ አሁኑኑ ንባቡን አቁማችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ቢጫ ሲለብስ መኪናዋ ማጉረምረም ጀመረች።

«ይቺ መኪናህ ታንጎራጉራለች» አለችኝ የሻረግ አንድ ጠዋት ከሥራ ስትገባ።

«ንፋስ ነው።»

«ንፋስ የለም።»

«እንግዲያውስ የጎረቤት ወፍጮ ነው።»

«መብራት የለም።»

«ብረት ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ድምፅ ያወጣል» አልኩ፣ በባለሙያ ድምፅ። የታማሚ ሙቀት ለክታ ቁጥሩ እንዳልጣማት ሰው አየችኝና ገባች።

ንቦች በመኪናዋ ፊት በኩል ሲመላለሱ አይቻለሁ። የአበባ ወቅት ነው፣ ንብ ምን ይገርማል ብዬ አልፌያለሁ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ የፊቱ ኮፈን ሥር ያለው ዕቃ መጫኛ ነው። የኮፈኑ መክፈቻ ሽቦ ተበጥሶ ስለነበር ከቡሬ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም። ፓራፋንጎውን ስፈታ ከኋላው ጡጫ የሚያሳልፍ የዝገት ቀዳዳ አግኝቼ፣ መጨረሻ ላይ እደፍነዋለሁ ብዬ ትቼው ነበር። ቪዲዮው ባይቆረጥ ኖሮ ፈረንጁ የሚለኝ ምናልባት ይህንኑ ነበር።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የሻረግ ከሥራ ገብታ ፊቷን ታጠበችና «ዛሬ መዶሻ እንዳልሰማ» አለች። «አትሰሚም፣ ማሸት ብቻ ነው» አልኳት። ተኛች። እኔም እንደ ሌባ ቀስ ብዬ ማሸት ጀመርኩ።

ብዙም ሳልቆይ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። አማቴ ጋሽ ይርሳው ናቸው፣ በበቅሎ።

ጋሽ ይርሳው ከማንኩሳ ወዲያ ባለ ገጠር የሚኖሩ፣ አካባቢው ሁሉ የሚያከብራቸው አስታራቂ ናቸው። የተጣላ መሬት፣ የተጣላ ወንድም፣ የተጣላ ባልና ሚስት እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። ቅኔ ቤት ጥቂት ቆይተዋል ይባላል። ጥቂትም ቢሆን በቂያቸው ነው፤ ሲናገሩ የነገሩን ፊት ለአንተ፣ ጀርባውን ለአስተዋይ ይተዉታል። አንድ የማውቀው ነገር ደግሞ አለ። ሲወዱኝ አንተ ይሉኛል፣ ሲቆጡ አንቱ።

በቅሎዋን አቮካዶው ዛፍ ላይ አሰሩና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እንዴት አደሩ፣ አቶ ሙሉጌታ?»

አንቱ! «እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ፣ አባባ፣ ይግቡ።»

«በየት ልግባ? በሩ መኝታ ቤት ነው ያለው አሉኝ።»

«የመኪናው በር ነው፣ አባባ። ትናንት ሁለቱንም ቦታቸው ገጠምኳቸው።»

«እሰይ። ቦታውን የሚያውቅ በር ይባረክ» አሉና በርጩማዬ ላይ ተቀመጡ። ቮልሷን ከፊት እስከ ኋላ አዩዋት። «ቀለም የቆጠሩ ሰው ናቸው ብዬ ልጄን ሰጠሁ። ለካንስ ቀለሙን የሚቆጥሩት ቆርቆሮ ሊቀቡበት ኖሯል።»

ሣቅኩ። እሳቸው አልሣቁም።

«ልጄ ሌሊት ሌሊት ሰው ታድናለች» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቀን እሷን የሚያድናት ጠፋ ብላ ላከችብኝ። ይዣት ልሄድ ነው የመጣሁት። እኛ ዘንድ የሚጮህ ዶሮ ብቻ ነው፣ እሱም በሰዓቱ። ትንሽ ትረፍ። ከዚያ በኋላ ያለውን እናያለን።»

«እናያለን» የምትለዋን ቃል ከአስታራቂ አፍ የሰማ ሰው ትርጉሟን ያውቃታል። የሻረግ ዝም ማለቷ መስማማት ነው ብዬ ሳስብ፣ ለካ ሻንጣዋን በልቧ እያዘጋጀች ነበር። ሰው ሲደናገጥ የሚያደርገው አይታወቅም። እኔ የሥራዬን ማለቅ ለማስረዳት ሮጥኩ።

«አባባ፣ ሊያልቅ እኮ ነው! ይዩት፣ በሩን ይዳስሱት። የቀረው ይህ ኮፈን ብቻ ነው። አልከፈት ብሎኝ ነው እንጂ…»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ምንም። ባዶ ነው።»

«ያልከፈቱትን ባዶ መሆኑን በምን አወቁ?»

ይህ ጥያቄ ስለ ኮፈኑ ብቻ እንዳልነበር አሁን ይገባኛል። ያኔ የገባኝ ስለ ኮፈኑ ብቻ ነው። ጠፍጣፋ ብረት ከጠርዙ ሥር አስገብቼ ገፋሁ፤ እንቢ አለ። ቃል የገባሁትን ረስቼ መዶሻውን አነሳሁና አንድ ጊዜ መታሁት። ያ ማጉረምረም ቀጥ አለ። ዝምታው ደስ አለኝ። «አዩ፣ ድምፁ እንኳ ጠፋ» አልኳቸው፣ የድል ያህል። ደገምኩት።

ኮፈኑ ተፈንቅሎ ተነሳ። ባዶ አልነበረም። ከላይ እስከ ታች የማር ሰፈፍ ተደርድሮበት፣ ግማሹ ከኮፈኑ ጋር ተገንጥሎ ማር ያንጠባጥባል። በዚያ ላይ የሚርመሰመሰውን ነገር ዓይኔ አይቶ አእምሮዬ ስም እስኪሰጠው ድረስ ቆሜ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን በሰምና ወርቅ ሲያወጉ የኖሩት አማቴ ከእውነተኛው ሰም ጋር ፊት ለፊት ተያዩ።

ጎጃም ተወልዶ ንብ የማያውቅ የለም ይባላል። እውነት ነው፤ አማቴም ንብን በጠጅ በኩል በደንብ ያውቋታል። በዚህኛው በኩል ግን ትውውቅ አልነበራቸውም። «በስመ አብ!» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በዕድሜያቸው ያላሰብኩትን ሩጫ ወደ ቤቱ በር ሮጡ። እኔም ከኋላቸው።

የሻረግ የመዶሻውን ድምፅ ሰምታ ልትጮህብኝ በሩን ከፍታ ወጥታ ነበር። አፏን እንደከፈተች ከበስተኋላችን የሚመጣውን አየችው። እንደ ጥሩ ነርስ ፈጥና ወሰነች። በሩን ዘጋችው።

«የሻረግ! ክፈቺ! አባትሽ ነኝ!»

«አባባ፣ መስኮቱም ክፍት ነው፤ እሱን ልዝጋ!»

«ክፈቺ፣ የሻረግ!» አልኩ እኔ። ለእኔ መልስ የሰጠኝ የመወርወሪያው ድምፅ ነው።

ግንባሬ ላይ፣ ጆሮዬ ላይ፣ አንገቴ ላይ እሳት ወረደ። ዙሪያውን ሳይ የሚዘጋ በር ያለው ነገር አንድ ብቻ ነው። ያ ያማረልኝ የግራ በር። ከፈትኩት፣ አማቴን ገፍቼ አስገባሁ፣ ተከትዬ ገባሁና ደረገምኩት። ከንቦቹ ሸሽተን የንቦቹ ቤት ገባን ማለት ነው። ዲግሪ አለኝ፣ ልብ በሉ።

አብረውን የገቡትን በጫማ ጨረስናቸው። ግን ከእግራችን ሥር እንደገና መጡ። አማቴ የተቀመጡበት በኩል ያለውን የወለል ላሜራ ያን ሳምንት ቆርጬ አውጥቼው ስለነበር ከታች መሬቱ ይታያል። አማቴ ነጩን ጋቢያቸውን አወለቁ፣ ጠቀለሉ፣ ቀዳዳው ውስጥ ጎሰጎሱት። ከዚያ በኋላ መስታወቱ በንብ ጠቆረ። ውስጡ እንደ መሸ ጨለመ።

«ይህ ዕቃ አይነሳም?»

«ባትሪው ቤት ውስጥ ነው፣ አባባ።»

«ቤቱስ?»

«ልጅዎ ቆልፋዋለች።»

«ብልህ ልጅ ናት» አሉ፣ በኩራት።

ከውጭ የየሻረግ ጩኸት ተሰማ። «አባባ! ደህና ነዎት?» «ደህና ነኝ፣ አትውጪ!» አሏት። ስለ እኔ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ላብ አጠመቀን። መስታወት ዝቅ ማድረግ አይቻል፣ መውጣት አይቻል፣ መተያየትም ከባድ ነው፤ የቮልስ ፊት ወንበር ላይ ሁለት ሰው ሲቀመጥ ትከሻ ለትከሻ ነው። አማቴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ሽምግልና ያልተቀመጥሁበት ቦታ የለም። ዋርካ ሥር ተቀምጫለሁ፣ ደጀ ሰላም ተቀምጫለሁ። እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም። በል እንጀምር።»

«ምኑን?»

«ጉዳያችንን ነዋ። የት ልትሄድብኝ ነው?»

አንተ አሉኝ። ከንቦቹ ሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

«ንገረኝ እስቲ» አሉ። «ይህን ብረት ለምን ወደድኸው?»

ስለ ቅርስ የማወራው ነበረኝ፤ ቢሮ ውስጥ ለሚያሾፉብኝ የምነግረው። እዚያ ሙቀት ውስጥ ግን አልወጣ አለኝ። «ሥራ ስለሌለኝ ነው፣ አባባ» አልኩ። «ፈርሜ እወጣለሁ። ጉድጓዶቹ ይሥሩ ይበላሹ አላውቅም፣ ሄዶ የሚያይ የለም። እዚህ ግን የጎበጠ ነገር እመታለሁ፣ ይቃናል። በቀኔ ውስጥ የሚቃና ሌላ ነገር የለኝም።»

«ይህን ለየሻረግ ነግረሃታል?» አሉኝ።

«ተኝታ ነው የማገኛት።»

«መቼ ተኛችና!»

እሳቸው ፊት ለፊት የጠቆረውን መስታወት እያዩ ቀጠሉ። «እኔም እናቷ በሕይወት ሳለች አገር ሳስታርቅ ነበር የምከርመው። የሰው ጎጆ ስጠግን የራሴን የማየው ማታ ነው፣ እሱንም እንቅልፍ እያዳፋኝ። መጀመሪያ ትናገረኝ ነበር። ኋላ ዝም አለች። ዝምታዋን ሰላም ነው ብዬ ያዝሁት። ሰላም አልነበረም፣ ሙሉጌታ። ከእኔ የምትጠብቀው ነገር አልቆባት ነው። ይህ የገባኝ ካለፈች ወዲህ ነው።» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ለማንም ነግሬ አላውቅም። ንብ አስለፈለፈኝ።»

እጄን እጃቸው ላይ ላደርግ ፈልጌ ድፍረቱን ሳጠራቅም በቅሎዋ ጮኸች።

ዳማ ይሏታል። እስከዚያ ድረስ አቮካዶው ሥር ዝም ብላ ቆማ ነበር። ንቦቹ አሁን አገኟት። በመስታወቱ ጥግ በቀረች ጠባብ ቦታ አየኋት፤ ትራገጣለች፣ ገመዱን ትጎትታለች፣ በጎተተችው ቁጥር አንገቷ ላይ ይጠብቃል። አማቴ የበሩን እጀታ ያዙ።

«አባባ፣ ይቀመጡ! ይገድሉዎታል!»

«ልቀቀኝ! የየሻረግን እናት ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ቤት ያደረሰቻት ይህች ናት። ታስራ ትሙት?»

ጀግና አይደለሁም። ይህን ቤተሰቤም ያረጋግጥላችኋል። ግን ነገሩን አሰብኩት። አማቴ ከወጡ ይሞታሉ። እኔ ደግሞ ለየሻረግ «አባትሽ ሊወስዱሽ መጥተው ነበር፣ ቮልሴ ገደለቻቸው» ማለት ይኖርብኛል። ከዚያ ንግግር ንቡ ይሻላል።

«ጋቢዎን ይስጡኝ» አልኩ። «እኔ እሄዳለሁ።»

«ቀዳዳውስ?»

ሁለታችንም ቀዳዳውን አየን። ከዚያ እርስ በርስ ተያየን። አማቴ፣ አገር የሚነሳላቸው ሰው፣ ከወንበሩ ወረዱና ወለሉ ላይ፣ ቀዳዳው ላይ ተቀመጡ። «ፍጠን» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «ከታች እየመጡ ነው።»

ጋቢውን ተከናንቤ፣ ወንበሩ ሥር የነበረውን የላሜራ መቀሴን ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ የደረስኩት የግቢው በር ጋ ነው፤ ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ከዚያ ወደ በቅሎዋ። ልትረግጠኝ ሞከረች፣ አልፈረድኩባትም። ገመዱ ጠንካራ ነበር፤ ቀጭን ቆርቆሮ የለመደው መቀስ ይንሸራተታል። ጋቢው ከራሴ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን የማስታውሰው በቁራጭ ነው። ገመዱ ጧ ብሎ ሲበጠስ። ዳማ እኔን ገፍትራ ስትወጣ። መንገድ ላይ የሰው ጩኸት። ባጃጆች ወደ መጡበት ሲዞሩ፣ ባለጋሪዎች ፈረሶቻቸውን እየገረፉ ሲበተኑ። ያን ያህል ሰው በአንድ ድምፅ ሲስማማ ዓይቼ አላውቅም። እኔም ልከተላት ሮጬ መንገድ ዳር ያለ ቦይ ውስጥ ወደቅኩ።

ፊቴ አብጦ ዓይኔ ተዘጋ። ይህ ምንም አልነበረም። የፈራሁት ጉሮሮዬ መጥበብ ሲጀምር ነው። አየር ስስብ እንደ ፉጨት ይገባል፣ ከዚያ ፉጨቱም ቀነሰ። መሞት እንዲህ የማያምር ነገር ነው እንዴ ብዬ ሳስብ፣ በቀረችኝ የዓይን ስንጥቅ ነጭ ነገር ወደ እኔ ሲሮጥ አየሁ። መልአክ መሰለኝ። መልአኩ ግን «አንተ ደንቆሮ!» እያለ ነበር የሚመጣው።

የሻረግ የአልጋውን አጎበር ነቅላ፣ ከራሷ እስከ እግሯ ተሸፍና፣ ወጥታ ነበር። ንቦቹ አጎበሩ ላይ ይርመሰመሳሉ፤ አንዳንዶቹ አልፈው ነድፈዋታል። ግድ አልሰጣትም። በብብቴ ይዛ ከቦዩ አወጣችኝ፣ ራቅ ብሎ የቆመ ባጃጅ ሹፌር ላይ ጮኸችበት። ልጁ «ንብ አለበት» ብሎ ሊሸሽ ሲል ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ ግን መጣ። በመንገዱ ሁሉ አገጬን ቀና አድርጋ ይዛ «ተንፍስ። ሌላ። ተንፍስ» ትለኛለች። እሷ ስትለኝ ተነፈስኩ። በትዳራችን ዘመን ያለችኝን ያለ ክርክር ያደረግኩበት የመጀመሪያው ቀን ነበር።

ሆስፒታል መርፌ ወጉኝ፣ ኦክሲጅን ሰጡኝ። ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ አሉ። ቀስ በቀስ ፉጨቱ ተመለሰ፣ ከዚያ ትንፋሽ ሆነ። መናገር ስችል የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል «አባባ» የሚል ነው።

የሻረግ ቀና አለች። «አባባ የት ናቸው?»

«ቮልሷ ውስጥ። ቀዳዳው ላይ ተቀምጠው።»

ሁሉም ሰው ረስቷቸው ነበር። አማቴ ቀኑን ሙሉ ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ ነው የዋሉት። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ጎረቤቶች አጨሱ፤ ንብ የሚያነብ አንድ ሰውም መንጋውን ከነሰፈፉ ወደ ቀፎ አዛወረው። በሩን ሲከፍቱላቸው፣ ሰው እንደነገረኝ፣ ቀስ ብለው ወረዱ፣ ልብሳቸውን አራገፉ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ለሰባት ቀን የተቀመጡ አልመሰለኝም። ዳማም በሕይወት ተገኘች። ከእኛ ሁሉ ብልህ ስለሆነች በቀጥታ ወደ ማንኩሳ፣ ወደ ቤቷ ነው የሄደችው።

ሆስፒታሉ ለክትትል አስቀረኝ። የሻረግ ያን ዕለት ማታ ተረኛ ነበረች። ፊቷ አብጦ፣ ቀን አንድም ጊዜ ሳትተኛ፣ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ገባች። ከአልጋ ወደ አልጋ ስትሄድ አየኋት። አንዱ ይጠራታል፣ ሌላው ያለቅሳል፣ አንዲት እናት እጇን ይዛ አልለቅም ትላለች። እስኪነጋ አልተቀመጠችም። እኔ ባሏ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ «ሥራ ሄደች» የምለው ነገር ምን እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው። ጠዋት ስትወጣ አልጋዬ አጠገብ ቆመች። ስለ ጉድጓዶቹ፣ ስለ ባዶው ቢሮ፣ ስለሚቃናው ብረት ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ። «ይህን ለማለት ንብ ያስፈልግህ ነበር?» አለችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ግንባሯን ጉልበቴ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ዓይኔ አብጦ ስለነበር ከውጭ ብዙም አይታይም።

ከሆስፒታል በወጣሁ ማግስት አማቴ ጎን ለጎን አስቀመጡን። እሳቸው ቆመው።

«ልጄን ልወስድ ነበር የመጣሁት» አሉ። «ነገሩን ከውስጥ ሆኜ አይቼዋለሁ። ልጄ ትቀመጥ። የምወስደው መኪናውን ነው።»

እንዳሉትም አደረጉ። ቮልሷ እንደገና አይሱዙ ላይ ተጭና ከማንኩሳ ወዲያ፣ አማቴ ግቢ ገባች። እኔ መንገድ ሲከፈት ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እዚያ ሜዳ ላይ እቀጠቅጣለሁ፤ የሻረግ ቤቷ ውስጥ በጸጥታ ትተኛለች። አማቴ ብርጭቆ ወረቀት ይዘው ያግዙኛል፤ እያሹ ያወራሉ፤ የሚያሹት ከሚያወሩት ያንሳል። ወለሉን አስበየድኩት። ኮፈኑ ተቃንቶ ያለ መዶሻ ይከፈታል። ዝገት የሚከላከል አንቲሩስት ተቀብታ ቀላ ያለ ቡናማ ሆናለች።

ምን ተማርክ ትሉኝ ይሆናል። ገጠመኝ የሚያነብ ሰው መጨረሻ ላይ ምክር ካላገኘ የተታለለ ይመስለዋልና ልስጣችሁ። ቤታችሁ ውስጥ የሚያጉረመርም ነገር ካለ ንፋስ ነው አትበሉ። ማጉረምረሙ ድንገት ሲቆምም ደስ አይበላችሁ። ሌላው ሁሉ የእስቱኮ ሥራ ነው።

ቀለሙን እስካሁን አልቀባኋትም። ቀለሙ ተገዝቶ ተቀምጧል፣ መኪናዋን ግን ማግኘት አልቻልኩም። አማቴ ከዚያ ቀን ወዲህ የሽምግልና ዘዴያቸውን ለውጠዋል። የተጣላ ባልና ሚስት ሲመጣላቸው ምንም ሳይጠይቁ ቮልሷ ፊት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል፣ በሩን ይዘጋሉ፣ መስታወቱን እንዳታወርዱ ይላሉ፣ እሳቸው ራቅ ብለው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ሙቀቱና ጥበቱ የቀረውን ይሠራል። ከሩቅ፣ ከፈረስ ቤት ከተማ ሳይቀር የሚመጣ አለ።

ባለፈው ሰሞን እኔና የሻረግ በአንድ ተራ ነገር ተጣላን። ጥፋቱ የእሷ ነበር፤ እሷም ስለ እኔ እንዲሁ ትላለች። ነገሩ ሲከር «ተነስ፣ አባባ ጋ እንሂድ» አለችኝ። ሄድን። ስንደርስ ቮልሷ ውስጥ ሰው አለ፤ ውጭ ደግሞ ሁለት ጥንድ ባልና ሚስት እየተገላመጡ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባባ» አለች የሻረግ፣ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን።»

አማቴ ከዛፉ ሥር ቀና ብለው እንኳ አላዩንም። «ወረፋ ያዙ» አሉ።